ጭንቅላታችን ከየት መጣ?

ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ በላይ የተቀመጠው ራስ ነው። የምናየው፣ የምንሰማው፣ የምናሸተውና የምንቀምሰው በራሳችን ነው። የምንበላው፣ የምንናገረውና የምናስበውም በእሱ ነው። ሰውን ከሰው የምንለየው ፊቱን አይተን ነው። ስለዚህ ራስ የሌሎቹ የሰውነት ክፍሎች አለቃ ነው ብንል አናጋንንም።

ታዲያ ይህ ጭንቅላት አሁን ያለውን ቅርጽ እንዴት ያዘ? ከበሬው፣ ከውሻውና ከዝንጀሮው ጭንቅላት ጋር በምን ይመሳሰላል? በምንስ ይለያል? ይህንን ማወቁስ ለእኛ ምን ይጠቅማል? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እናያለን።

ይህን ስታነቡ መጽሐፉ ብቻ አይበቃችሁም። የራሳችሁን ጭንቅላት በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ፣ በደጃችሁ ያሉትን ከብቶች እየተመለከታችሁ አንብቡ። ብዙው ማስረጃ ከእናንተው ዘንድ ይገኛል።

1. ራስ ለምን ከፊት ሆነ?

ተክል በቆመበት ይኖራል። ምግቡን ከአፈር፣ ከውሃ፣ ከአየርና ከፀሐይ ብርሃን ያገኛል። ወዲያ ወዲህ አይልም። ስለዚህ ራስ አያስፈልገውም። እንስሳ ግን ምግቡን ፍለጋ ይንቀሳቀሳል። ሲንቀሳቀስ ከሰውነቱ ውስጥ ምግብንም ሆነ አደጋን ቀድሞ የሚያገኘው የፊት ጫፉ ነው። ዓይኑና አፍንጫው በጅራቱ በኩል ቢሆኑ ኖሮ ገደል ከገባ በኋላ ነበር ገደሉን የሚያየው።

በዚህ ምክንያት ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ከፊት ተሰበሰቡ። የሚያዩትንና የሚያሸቱትን ተቀብሎ "ሂድ"፣ "ሽሽ"፣ "ብላ" እያለ የሚያዝዘው አንጎልም እዚያው አጠገባቸው ሆነ። ዓሣን እዩ፤ እባብን እዩ፤ ዶሮን እዩ፤ በሬን እዩ። ሁሉም ራሳቸው ከፊት ነው። የሰው ራስ ግን ከላይ ነው። ይህም የሆነው ሰው ቀጥ ብሎ በሁለት እግሩ ስለቆመ ነው። ይህንን ነገር ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

2. የሰው ራስና የከብት ራስ

በግ ሲታረድ የራሱን ቅል ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ቅሉ አንድ አጥንት አይደለም። ብዙ አጥንቶች በተጠማዘዘ ስፌት ተጋጥመው የሠሩት ነው። ሁለት የዓይን ጉድጓድ አለው። መካከል ላይ የአፍንጫ ቀዳዳ አለው። ከኋላ አንጎል የሚቀመጥበት ክፍል አለው። የሰው ራስ ቅልም እንዲሁ ነው። መጠኑና ቅርጹ ይለያይ እንጂ፣ በበጉ ቅል ላይ ያሉት ዋና ዋና አጥንቶች በሰውም ቅል ላይ በየቦታቸው ይገኛሉ።

እስቲ ጣቶቻችሁን ከጆሯችሁ ፊት ለፊት አድርጋችሁ አፋችሁን ክፈቱና ግጠሙ። የሚንቀሳቀሰው የታችኛው መንጋጋ ብቻ ነው። የላይኛው ከቅሉ ጋር የተጣበቀ ነው። በሬም ሲያመሰኳ ያው ነው።

አሁን ደግሞ ጣታችሁን ከጆሯችሁ በላይ፣ ከዓይናችሁ ጎን አድርጉና ቆሎ እንደሚቆረጥም ሰው አላምጡ። አንድ ነገር ሲያብጥና ሲጎድል ይሰማችኋል። ይህ መንጋጋን የሚስብ ጡንቻ ነው። ጅብ አጥንት የሚሰብረው በዚሁ ዓይነት ጡንቻ ነው። የጅብ ጡንቻ ግን እጅግ ትልቅ ስለሆነ መያዣ ይፈልጋል። ስለዚህ በጅብ ራስ ቅል አናት ላይ እንደ ቤት ክፈፍ የቆመ የአጥንት ሸንተረር አለ። የእኛ ጡንቻ ትንሽ በመሆኑ አናታችን ለስላሳና ክብ ነው።

ጥርስን እንመልከት። ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው ሁሉም ጥርሶቹ ከበቀሉ 32 ጥርስ አለው። በግም፣ በሬም ሲጎለምሱ 32 ጥርስ አላቸው። አደራደሩ ግን ይለያል። እናንተ እንደምታውቁት ከብት በላይኛው ድዱ ፊት ለፊት ጥርስ የለውም። ሣሩን በታች ጥርሱና በላይኛው ጠንካራ ድዱ ይዞ ይነጨዋል። ሰው ግን ከላይም ከታችም የፊት ጥርስ አለው። ጭላዳና ጦጣም 32 ጥርስ አላቸው፤ የእነሱ አደራደር ደግሞ ከእኛ ጋር አንድ ነው። ከላይም ከታችም በየጎኑ 2 የፊት ጥርስ፣ 1 ክራንቻ፣ 2 ትንንሽ መንጋጋና 3 ትልልቅ መንጋጋ። ጎልቶ የሚታየው ልዩነት የወንዱ ጭላዳ ክራንቻ እንደ ጩቤ መርዘሙ ነው።

ጆሮም የሚያስገርም ነገር አለው። በጆሯችን ውስጥ ድምፅን የሚያስተላልፉ ሦስት ትንንሽ አጥንቶች አሉ። ሊቃውንት በቅርጻቸው መዶሻ፣ መስፍና እርካብ ብለዋቸዋል። ሦስቱም እጅግ ትንንሽ ናቸው፤ ትልቁ እንኳ ከስንዴ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ጡት የሚያጠቡ እንስሳት ሁሉ፣ ላምም አይጥም፣ እነዚህ ሦስት አጥንቶች አሏቸው። እባብና እንሽላሊት ግን ያላቸው አንድ ብቻ ነው። ሁለቱስ የት ሄዱ? በእነሱ ዘንድ የመንጋጋ አጥንቶች ሆነው ይገኛሉ። ጥንት የመንጋጋ መጋጠሚያ የነበሩት አጥንቶች በጡት አጥቢዎች ዘንድ ቀስ በቀስ እያነሱ ወደ ጆሮ ገቡ ማለት ነው። ይህን የሚያሳዩ ከድንጋይ ውስጥ የወጡ ጥንታዊ አጥንቶች ተገኝተዋል።

ዓይንም እንዲሁ ይናገራል። የበግና የአህያ ዓይን በጎንና በጎን ነው። ሣር እየጋጡ ከኋላ የሚመጣውን ቀበሮ ወይም ጅብ ለማየት ይረዳቸዋል። የነብር፣ የድመት፣ የጦጣና የሰው ዓይን ግን ሁለቱም ወደ ፊት ነው። ሁለት ዓይን አንድ ነገር ላይ ሲያነጣጥር ርቀቱን አጥርቶ ይለካል። ነብር ለመዝለል፣ ጦጣ ቅርንጫፍ ለመያዝ ርቀት መለካት አለባቸው። አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑና በመርፌ ቀዳዳ ክር ለማስገባት ሞክሩ። ያን ጊዜ የሁለት ዓይን ጥቅም ይገባችኋል።

ራሳችንን የሚሸከመውስ? የሰው አንገት 7 አጥንት አለው። የበግ አንገትም 7 ነው። የአይጥም 7 ነው። ያ ሁሉ ርዝመት ያለው የቀጭኔ አንገትም 7 ነው! አጥንቶቹ ረዘሙ እንጂ ቁጥራቸው አልጨመረም።

3. ይህ መመሳሰል ከምን መጣ?

ሁለት ሰዎች አፍንጫቸውም፣ ግንባራቸውም፣ አካሄዳቸውም ሲመሳሰል "ዘመዳሞች ናችሁ እንዴ?" ብለን እንጠይቃለን። ሳይንስም የጠየቀው ይህንኑ ነው። የተገኘው መልስ "አዎ፣ ሩቅ ዘመዳሞች ናቸው" የሚል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። "ሰው ከዝንጀሮ ተወለደ" ይባላል። ሳይንስ እንዲህ አይልም። የአክስታችሁ ልጅ እናታችሁ አይደለችም። ነገር ግን አንድ አያት ታገናኛችኋለች። ሰውና ዛሬ በገደላችን ላይ የምናየው ጭላዳም እንዲሁ ናቸው። አንዱ ካንዱ አልወጣም። ሁለቱም ዛሬ ከሌለ፣ ከ25 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከነበረ እንስሳ ዘራቸው ይገናኛል። ለእኛ ከሁሉ የቀረበው ዘመድ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ጫካ የሚኖረው ቺምፓንዚ የሚባለው ነው። ከእሱ ጋር የተለያየነው ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። እኛ እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ይህ ቆጠራ ግን ከሰባት ቤት አልፎ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ቤት ይሄዳል።

መለወጡስ እንዴት ይሆናል? ይህን ገበሬ ከማንም በተሻለ ይረዳዋል። ማሽላ ዘርታችሁ ዝናቡ ቢያጥር ሁሉም አይደርቅም። ከመካከሉ ድርቁን የቻለ ጥቂት ዛላ ያፈራል። የከርሞው ዘር ከእሱ ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ከማሳው ውስጥ ድርቅ የሚችለው ይበዛል። ማንም ማሽላውን "ድርቅ ቻል" ብሎ አላስተማረውም። ልጅ ከወላጁ በጥቂቱ ይለያል፤ ለኑሮው የተመቸው ይተርፋል፤ የተረፈው ይራባል። ይህ በአሥር ዓመት ትንሽ ለውጥ ነው። በሚሊዮን ዓመት ግን የራስ ቅልን ቅርጽ ይለውጣል።

ሌላም ማስረጃ አለ። ሰው በእናቱ ማሕፀን አንድ ወር ያህል ሲሞላው ከአንገቱ በኩል የታጠፉ ትንንሽ እጥፋቶች ይታዩበታል። በዓሣ ፅንስ ላይም እነዚሁ እጥፋቶች አሉ። በዓሣው ላይ መተንፈሻው ይሆናሉ። በእኛ ላይ ግን መንጋጋ፣ የጆሮ አጥንትና የጉሮሮ ክፍሎች ይሆናሉ። የዶሮም፣ የበግም ፅንስ በዚያው መንገድ ያልፋል። ሁሉም ከአንድ ጥንታዊ ንድፍ ተነሥተው ወደየራሳቸው መልክ ይሄዳሉ።

የቀሩ ምልክቶችም አሉ። አህያ ጆሮዋን ወደ ድምፅ ታዞራለች። እኛም ጆሮን የሚያንቀሳቅሱ ጡንቻዎች አሉን፤ ሥራ ፈትተው ደከሙ እንጂ። አንዳንድ ሰው ዛሬም ጆሮውን ነቅነቅ ማድረግ ይችላል። ዶሮ ዓይኗን ስትሸፍን ከጥግ የሚመጣ ስስ ቆዳ አላት። በእኛም ዓይን፣ በአፍንጫ በኩል ካለው ጥግ፣ የዚያ ቆዳ ቅሪት የሆነች ቀላ ያለች ሥጋ አለች። ጓደኛችሁን ቀርባችሁ እዩት።

4. የአገራችን መሬት የመሰከረው

የሰውን ጥንታዊ ታሪክ ለማወቅ ከዓለም አገሮች ኢትዮጵያን የሚያህሉ ጥቂት ናቸው። በተለይ የአፋር ምድር ጥንታዊ አጥንቶችን በአሸዋና በእሳተ ገሞራ አመድ ሸፍኖ አቆይቷል። የአመዱን ዕድሜ በመለካት የአጥንቱን ዕድሜ ማወቅ ይቻላል። ከእነዚህ ግኝቶች ዋና ዋናዎቹን በዕድሜያቸው ቅደም ተከተል እንዘርዝር።

አርዲ። በ1987 ዓ.ም. በመካከለኛው አዋሽ አራሚስ በሚባል ቦታ ተገኘች። ዕድሜዋ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ነው። አንጎሏ ከግማሽ ሊትር ያነሰ፣ ከ300 እስከ 350 ሚሊ ሊትር ያህል ነበር።

የወራንሶ ሚሌ ራስ ቅል። በ2008 ዓ.ም. በአፋር ተገኘ። የጥናት ቡድኑን የሚመሩት ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ነበሩ። የመጀመሪያውን ቁራጭ ያገኘው ግን የአካባቢው ተወላጅ የሆነ አፋር ነው። ዕድሜው 3.8 ሚሊዮን ዓመት ሲሆን ፊቱ እስከ ዛሬ ሳይፈርስ ቆይቷል። መንጋጋው ወደ ፊት የሾለ ነው።

ሰላም። በ1993 ዓ.ም. በዲኪካ በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራ ቡድን ያገኛት የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ናት። የሞተችው ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። እናንተ የበሬን ዕድሜ ጥርሱን አይታችሁ እንደምትገምቱ ሁሉ፣ ሊቃውንትም የሰላምን ዕድሜ ያወቁት ከጥርሶቿ ነው።

ድንቅነሽ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በሐዳር ተገኘች። ፈረንጆች ሉሲ ይሏታል። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር። የድንቅነሽ ወገኖች አንጎል ግን በአማካይ ከግማሽ ሊትር አይበልጥም ነበር።

የሌዲ ገራሩ መንጋጋ። በ2005 ዓ.ም. አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ያገኘው ነው። ዕድሜው 2.8 ሚሊዮን ዓመት ነው። ከድንቅነሽ ወገኖች ይልቅ ወደ እኛ ወገን የቀረበ፣ ቀጠን ያሉ ጥርሶች ያሉት ነው።

የዳካ ራስ ቅል። በ1990 ዓ.ም. በመካከለኛው አዋሽ ተገኘ። ዕድሜው 1 ሚሊዮን ዓመት ነው። አንጎሉ ወደ 1 ሊትር ደርሷል። የቅንድቡ አጥንት ግን እንደ ቤት ጉበን ወደ ፊት የወጣ ነው።

የሄርቶ ራስ ቅሎች። በዚያው በ1990 ዓ.ም. ተገኙ። ካጠኗቸው ሊቃውንት አንዱ ኢትዮጵያዊው ብርሃነ አስፋው ናቸው። ዕድሜያቸው 160,000 ዓመት ገደማ ነው። ከመካከላቸው የአንዱ አንጎል 1,450 ሚሊ ሊትር ነው። እነዚህ ሰዎች እኛን ናቸው። በደቡብ በኦሞ ሸለቆ በኪቢሽ የተገኘው ራስ ቅል ደግሞ ከ200,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው።

እነዚህን በተርታ ብናስቀምጣቸው አንድ ነገር እናያለን። መጀመሪያ የተለወጠው አንጎል አይደለም። መጀመሪያ ሰው ቆመ። ከዚያ ጥርሱና መንጋጋው አነሰ። አንጎሉ የተለቀው በኋላ ነው።

5. ምን ምን ተለወጠ?

ሀ/ ቀዳዳው። ከራስ ቅል ሥር አንድ ትልቅ ቀዳዳ አለ። ከአንጎል ወደ ጀርባ የሚወርደው ሰረሰር የሚያልፈው በዚህ ነው። በበግ ራስ ቅል ቀዳዳው ከኋላ ነው፤ ምክንያቱም ራሱ ከአንገቱ ፊት ተንጠልጥሏል። የበሬ ማጅራት ወፍራም የሆነው ያን የተንጠለጠለ ራስ ደግፎ ለመያዝ ነው። የሰው ቀዳዳ ግን ከሥር ነው። የሰው ራስ ጣሪያ በምሰሶ ላይ እንደሚያርፍ ሁሉ በአከርካሪው ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። ስለዚህ ሊቃውንት እግሩ ባይገኝ እንኳ፣ የቅሉን ቀዳዳ አይተው እንስሳው ቀጥ ብሎ ይሄድ እንደነበር መናገር ይችላሉ።

ለ/ መንጋጋውና ፊቱ። ጥንታዊዎቹ ዘመዶቻችን ጥሬ ሥርና ጠንካራ ፍሬ ያኝኩ ነበር። ትልቅ መንጋጋ ያስፈልጋቸው ነበር። በኋላ ሰው ድንጋይ ጠርቦ ምግቡን መቁረጥና መቀጥቀጥ ጀመረ። በአፋር ጎና በሚባለው ቦታ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ከዚያም እሳት መጣ። የበሰለ ምግብ ብዙ ማኘክ አይጠይቅም። የጥርስን ሥራ ድንጋይና እሳት ሲጋሩት መንጋጋ እያነሰ ሄደ፤ ፊትም ወደ ግንባሩ ሥር ገባ። በታች በኩል ወደ ፊት የወጣው አገጭ ግን የእኛ ብቻ ነው። ቺምፓንዚም አገጭ የለው፣ ድንቅነሽም አልነበራት።

ሐ/ አንጎሉ። ዛሬ የሰው አንጎል 1,350 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የቺምፓንዚ 400 ገደማ ነው። አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት 2 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን ከምንበላው ጉልበት አንድ አምስተኛውን ይወስዳል። ብዙ የሚበላ፣ ብዙ የሚሠራ ሠራተኛ ነው። በእሱ አማካይነት ሰው ቋንቋን፣ እርሻን፣ ሽመናን፣ ቁጥርንና ፊደልን አወጣ።

መጠን ግን ሁሉን አይወስንም። የዝሆን አንጎል ከሰው አንጎል ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ዝሆን ግን ማረሻ አልሠራም። ከሰዎችም መካከል ራሱ የተለቀ ሁሉ አስተዋይ፣ ራሱ ያነሰ ሁሉ ሞኝ አይደለም። የሴት አካል ከወንድ አካል አነስ ስለሚል የራሷም መጠን አነስ ይላል። አእምሮዋ ግን ከወንድ አእምሮ አያንስም።

6. ትልቅ ጭንቅላት ያመጣው ዕዳ

ማንኛውም ጥቅም ዋጋ አለው። ላም ስትወልድ ጥጃዋ ብዙ ሳይቆይ ቆሞ ይጠባል። የሰው ልጅ ግን አንገቱን ለማቅናት እንኳ ወራት ይፈጅበታል። ምክንያቱ ይህ ነው። ሰው ቀጥ ብሎ ለመሄድ ዳሌው ጠበበ። ራሱ ደግሞ ተለቀ። ትልቅ ራስ በጠባብ በር መውጣት አለበት። ስለዚህ ልጅ የሚወለደው አንጎሉ ገና አድጎ ሳያልቅ፣ ከአዋቂ አንጎል ሩብ ወይም ከሩብ ጥቂት የሚበልጥ ሆኖ ነው። የራሱ አጥንቶችም አልተጋጠሙም። ሲወለድ አንዱ ባንዱ ላይ ደረብ እያለ ያልፋል። በአናቱ ላይ ቱር ቱር የምትለው እርግብግቢት የዚህ ምልክት ናት። ብዙውን ጊዜ በዓመት ከመንፈቅ ገደማ ትገጥማለች።

ከዚህ ተነሥተን ልናውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

የሰው ምጥ ከላም ምጥ የሚከብደው እናቲቱ ስለደከመች ወይም ስለሰነፈች አይደለም። የተፈጥሮዋ ነገር ነው። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት በጤና ጣቢያ ብትወልድ ይመረጣል። ምጥ ሲረዝም "ትንሽ እንጠብቅ" ማለት እናትንም ልጅንም ይገድላል፤ ወይም እናቲቱን ሽንት መቆጣጠር በሚያሳጣ የፊስቱላ በሽታ ይጥላታል። ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው።

ተቅማጥ የያዘው ሕፃን እርግብግቢቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ውሃ አልቆበታል ማለት ነው። ጡት ሳያቋርጡ፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውሃ በጥብጠው እየሰጡ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ትኩሳት ይዞት እርግብግቢቱ ካበጠም ለነገ የሚባል አይደለም።

በእንጥልና በድድ ላይ የሚደረገውንም እንመልከት። እንጥል ስንውጥ ምግብ ወደ አፍንጫ እንዳይሄድ ከሚረዱት ክፍሎች አንዷ ናት። ለሕፃን "ግግ ነው" ተብሎ ከድዱ ውስጥ የሚወጣው ነገርም በሽታ አይደለም፤ ገና ያልበቀለ ጥርስ ነው። እንጥል መቁረጥና ግግ ማውጣት ደም ያፈስሳል፤ ቁስል ያመረቅዛል፤ ልጅን ይገድላል። ሊተው ይገባዋል።

ልጅን በኩርኩም ራሱን መምታት ወይም ሕፃንን ይዞ መነቅነቅ ውስጡ ያለውን ለስላሳ አንጎል ይጎዳል። እንዲሁም እናት በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን ካጣች የልጇ አንጎል በሚገባ አያድግም። በደጋው አገራችን አፈሩ አዮዲን ያንሰዋል። አንገት ላይ እንቅርት የሚያወጣውም ይኸው ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አዮዲን የተጨመረበት ጨው መብላት።

ሌላም ዕዳ አለ። መንጋጋችን ስላጠረ የመጨረሻዎቹ መንጋጋ ጥርሶች ቦታ አጥተው የሚያሠቃዩት ሰው ብዙ ነው። ጉሮሯችንም ምግብና አየር የሚተላለፉበት መስቀለኛ መንገድ ስለሆነ በቀላሉ ትን ይለናል። እየበሉ አለመሳቅ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የጤናም ምክር ነው።

7. የጠራ አጥንት የሚባል አለ?

በአገራችን "አጥንቱ የጠራ" እየተባለ ሰው ከሰው ሲለይ ኖሯል። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔውና ቆዳ ፋቂው ተንቀዋል። "ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል" ተብሏል። በጋብቻ ተለይተዋል፤ በማዕድ ተለይተዋል።

አጥንትን መርምረን አየን። የጅብ ራስ ቅል በአናቱ ሸንተረር አለው፤ አፉ የሾለ ነው፤ ቀዳዳው ከኋላ ነው። የቀጥቃጩ ራስ ቅል ግን ከአራሹ ራስ ቅል፣ የአራሹም ከመኳንንቱ ራስ ቅል ተለይቶ አይታወቅም። ሦስቱን አጠገብ ለአጠገብ ብናስቀምጥ ማን መሬት ነበረው፣ ማን ወናፍ ይነፋ ነበር ብሎ የሚለይ ሊቅ የለም። በዓለም ያሉ ሰዎች ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ዘረ መላቸው 99.9 ከመቶ ያህል አንድ ነው። ጥቁሩም ነጩም ያው ነው። ሁላችንም በአፍሪካ ከኖሩ የሄርቶ ዓይነት ሰዎች የመጣን ነን። ማረሻውን የሠራልንን ሰው ንቀን፣ በሠራው ማረሻ አርሰን መብላት ፍርድ አይደለም።

8. ጭንቅላት አያረጅም ወይ?

"እኔ ከእንግዲህ ጭንቅላቴ ደርቋል፣ ፊደል ለልጅ ነው" የሚል ሰው አጋጥሞን ያውቃል። ይህን የሚል ሰው ስለ ራሱ ጭንቅላት አላወቀም።

ጽሕፈት ከተጀመረ 5,000 ዓመት ገደማ ነው። የሰው አንጎል ግን ከዚያ በፊት እጅግ ብዙ ዘመን ቆይቷል። ስለዚህ አንጎል ውስጥ ለንባብ ተብሎ የተዘጋጀ ክፍል የለም። ስናነብ የምንሠራበት ክፍል ነገሮችንና ፊቶችን ለይቶ ለማወቅ የሚያገለግለው ነው። ይህ ክፍል ፊደልን እየለመደ ራሱን ያስተካክላል። በጎልማሳነታቸው ማንበብ የተማሩ ሰዎች አንጎል ተመርምሮ ይህ ለውጥ በእነሱም ላይ ታይቷል።

እስቲ አስቡት። ከመቶ በግ መካከል የራሳችሁን በግ በፊቷ ትለያላችሁ። ስንዴን ከእንክርዳድ ገና በቡቃያው ትለያላችሁ። ጭቃ ላይ ያለ ዱካ አይታችሁ የጅብ ነው፣ የውሻ ነው ትላላችሁ። ይህን ሁሉ የለየ ዓይንና አንጎል "ሀ"ን ከ"ሐ"፣ "በ"ን ከ"ሰ" መለየት እንዴት ያቅተዋል? አያቅተውም። ይህን ገጽ እስከዚህ ድረስ ማንበባችሁ ራሱ ምስክር ነው።

ነገር ግን በሬ ሳይጠመድ ከከረመ ቀንበር እንደሚረሳ ሁሉ፣ ያልተነበበ ፊደልም ይጠፋል። ስለዚህ ያገኛችሁትን አንብቡ። የልጆቻችሁን ደብተር አንብቡ። የመድኃኒቱን ብልቃጥ፣ የማዳበሪያውን ከረጢት፣ የግብሩን ደረሰኝ አንብቡ። ያነበባችሁትንም ማንበብ ላልቻለው ጎረቤት ንገሩት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የእንስሳ ራስ ከፊት የሆነው ለምንድን ነው? የሰው ራስስ ከላይ የሆነው ለምንድን ነው?
2. የሰው አንገት ስንት አጥንት አለው? የቀጭኔስ?
3. "ሰው ከዝንጀሮ ተወለደ" ማለት ስሕተት የሆነው ለምንድን ነው? በዘመድ ቆጠራ ምሳሌ አስረዱ።
4. የራስ ቅል ቀዳዳ ያለበት ቦታ ምን ያስታውቀናል?
5. የሕፃን እርግብግቢት ቢሰረጉድ ምን ማድረግ ይገባል?
6. በቀበሌያችሁ እንጥል የሚያስቆርጡ ወይም ግግ የሚያስወጡ አሉ? እንዲተዉት እንዴት ልታስረዷቸው ትችላላችሁ?
7. በሠፈራችሁ በሥራቸው የሚናቁ ሰዎች አሉ? ያለ እነሱ ሥራ አንድ ዓመት እንዴት ትኖራላችሁ?

የቃላት ፍቺ

የራስ ቅል፦ የራስ አጥንት በሙሉ።
ፅንስ፦ በማሕፀን ወይም በእንቁላል ውስጥ ያለ ገና ያልተወለደ ልጅ።
ሰረሰር፦ ከአንጎል ተነሥቶ በአከርካሪ ውስጥ የሚወርድ፣ ትእዛዝ የሚያስተላልፍ ጅማት መሰል ነገር።
ዘረ መል፦ የወላጅን መልክና ጠባይ ወደ ልጅ የሚያስተላልፍ በሰውነት ውስጥ ያለ ረቂቅ ነገር።
አዮዲን፦ ሰውነትና አንጎል በሚገባ እንዲያድጉ በጥቂቱ የሚያስፈልግ፣ በጨው ላይ የሚጨመር ንጥረ ነገር።
ሚሊ ሊትር፦ አንድ ሊትር ለ1,000 ሲከፈል አንዱ እጅ።